በሁለት መዝገብ መካከል

በሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መገላ ወደ ጊዲር መገላ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ አንድ ጊዜ ያለፈበት ሰው «መኪና ግርግር» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ግራና ቀኙ የጨርቅ ሱቅ ነው፤ በየሱቁ በር ላይ እንደ እኔ ያለ ልብስ ሰፊ የእግር ስፌት መኪናውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከገጠር የመጣች ደንበኛ ጨርቁን ከሱቁ አስቆርጣ ትገዛና ልኳን ሰጥታን ወደ ገበያዋ ትሄዳለች፤ ቅመሟንና ስኳሯን ሸምታ እስክትመለስ ቀሚሷ ተሰፍቶ ይጠብቃታል። በዚህ መንገድ ላይ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ስሠራ፣ ከበዓል ቀን በስተቀር የመኪናው ድምፅ ጠፍቶ የሰማሁት በ2012 ዓ.ም. የጸደይ ወራት፣ የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው የዚያን ዘመን ችግር ለማስታወስ አይደለም፤ ሁላችንም አሳልፈነዋል። የምጽፈው እንደ እኔ አለቃም ደመወዝም የሌላቸው፣ በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ ሰዎች፣ ማለትም ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ባለ ባጃጁ፣ ሳምቡሳ ጠባሿ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መንግሥት የሚዘረጋው እጅ ለምን እንደማይደርሳቸው በራሴ ላይ ያየሁትን ለመንገር ነው። ከደረሰብኝ ነገር ግማሹ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ግማሹ ግን ከእኔ የመጣ ነው፤ ለአንባቢ የሚጠቅመውም ይኸኛው ስለሆነ አልደብቀውም።

ወረርሽኙ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያን ጊዜ ሁለት የስፌት መኪና ነበረኝ፤ አንደኛው የቆየ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ የገዛሁት። በሁለተኛው መኪና ላይ ከኤረር በኩል የመጣ አንድ ወጣት በእኩል ድርሻ ይሠራበት ነበር። በደኅና ቀን ከወጪ ቀሪ እስከ 250 ብር ይዤ እገባለሁ፤ የቤት ኪራዬ በወር 1,500 ብር፣ የዕቁብ መዋጮዬ በየቅዳሜው 400 ብር ነበር። ዕጣውን አስቀድሞ የበላ ሰው መዋጮው ዕዳ እንደሚሆንበት የምታውቁት ነው። እኔ ግን ይህን ዕዳ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም፤ ረመዳን እየመጣ ነበርና።

ለእኛ ሥራ ረመዳን ማለት ለገበሬ መኸር ማለት ነው። ከጾሙ መግቢያ እስከ ዒድ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ እስከሚከበረው ሸዋል ዒድ ድረስ ሐረር ውስጥ አዲስ ልብስ የማያሰፋ ቤት የለም፤ የዓመቱ ኪራይ፣ የልጆች ወጪና የክረምቱ ስንቅ የሚወጣው ከዚያች አንድ ወር ከሳምንት ነው። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ሚያዝያ 16 ነበር። ከዚያ በፊት መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ተሽከርካሪ ከሚችለው በግማሽ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፣ ታሪፉም በዚያው ልክ አሻቀበ። ከገጠር የሚመጡት ደንበኞቻችን ቀሩ። የከተማውም ሰው ቢሆን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በተዘጋበት በዓል ለምን ብሎ አዲስ ልብስ ያሰፋል? ጨርቅ ሻጮቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቁጭ ይላሉ፤ እኛም መኪናችንን በሸራ ሸፍነን እርስ በርስ እንተያያለን።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ብዬ፣ በእጄ የነበረችውን ጥቂት ገንዘብ ክርና ላስቲክ፣ ዚፕና ቁልፍ ገዛሁባት። በደኅና ጊዜ ከበዓል በፊት እንዲህ ማድረግ ብልህነት ነው። ገበያው መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት ጊዜ ግን ገንዘብን ወደ ዕቃ መለወጥ ገንዘቡን ማሰር ነው፤ ቁልፍ አይበላም። በእናንተ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ሳትገዙና ምንም ሳትሸጡ፣ በየወሩ የግድ የሚወጣውን ወጪና ያለባችሁን ዕዳ በወረቀት ላይ ጻፉት። እኔ ይህን የጻፍኩት በሰኔ ወር ነው፤ ያን ጊዜ መጻፉ ከማልቀስ በቀር የሚጠቅመው ነገር አልነበረም።

በሚያዝያ ወር መንግሥት ድጋፍ እያደረገ መሆኑን በሬዲዮ እንሰማ ነበር። እያንዳንዱን ዜና ስሰማ «ይኼ የእኔ ይሆን?» እያልኩ ጆሮዬን አቀና ነበር። አዋጁ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሏል፤ እኔ ግን የሚያሰናብተኝ አሠሪ የለኝም፤ ያሰናበተኝ ገበያው ነው። ሥራ ቢያቆሙም የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ የሚከፍሉ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠውን ግብር ለአራት ወራት እንዳያስገቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ እኔ ደመወዝም የደመወዝ ግብርም የለኝም። ባንኮች ለደንበኞቻቸው እንዲያበድሩ ብሔራዊ ባንክ 15 ቢሊዮን ብር አቅርቧል፤ ለእኔ ግን ባንክ ማለት ብር የማስቀምጥበት እንጂ የሚያበድረኝ ቤት ሆኖ አያውቅም። ሐረር፣ ደሃ ነዋሪዎችን በአካባቢ ሥራ እያሠራ የሚከፍለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር መጀመሪያ ከተተገበረባቸው አሥራ አንድ ከተሞች አንዷ ናት፤ የዚያ ተጠቃሚዎች የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጥቷቸው ከአካባቢ ሥራው እንዲያርፉ ተደርጓል። የዚያ ዝርዝር ግን የተዘጋጀው ከወረርሽኙ በፊት፣ በየሰፈሩ በተመረጡ ሰዎች አማካይነት እጅግ ደሃ የሚባለው ነዋሪ ተለይቶ ነው። ምርጫው በተካሄደበት ጊዜ እኔ ባለ መኪና፣ ልጆቼን የማስተምር፣ በዒድና በፋሲካ ሥጋ የምገዛ ሰው ነበርኩ። ዝርዝሩ አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳተው፣ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ከዚያ ወደዚህ ሊወድቅ እንደሚችል የሚያይ ሌላ ዝርዝር አለመኖሩ ነው።

ወደ ወረዳችን ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ አንድ ሠራተኛ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቅንነት በተሞላበት ድምፅ ነው የተናገረው። «ወንድሜ፣ አንተን ደሃ ብለን ብንመዘግብህ ሰፈሩ ይስቅብናል፤ ነጋዴ ብለን እንዳንመዘግብህ ደግሞ ፈቃድ የለህም» አለኝ። በሁለት መዝገብ መካከል የወደቀ ሰው መሆኔን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ነጋዴ ያልሆንኩት ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የበለጠ የሚያሳፍረኝን ልናገር።

ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት፣ የሰፈራችን ወጣቶች ማስክ አድርገው ደብተር ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። «ማዕድ ማጋራት» ይባል የነበረውን፣ ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ ለተቸገሩ ለማከፋፈል የሚመዘግቡት እነርሱ ናቸው። እኛም በር ላይ ቆመው «ጋሼ፣ ሥራ ቆሟል አይደል? እንመዝግብዎት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ከእኔ የባሰ አለ፤ ለእነርሱ ስጡ» ብዬ መለስኳቸው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። በዚያን ሰዓት ምንም አላለችም፤ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን «አንተ የመለስከው የራስህን ድርሻ አይደለም፤ የእነዚህን ነው» ብላ ወደ ልጆቹ በአገጯ አመለከተችኝ።

ግንቦት ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ኩራቴም አብሮ አለቀና ልመዘገብ ሄድኩ። ያን ጊዜ ደግሞ መታወቂያዬ ተጠየቀ። ከአራት ዓመት በፊት ቤት ስቀይር ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ተዛውሬ ነበር፤ መሸኛ አውጥቼ መታወቂያዬን አልቀየርኩም፤ ጊዜውም ካለፈ ቆይቷል። የምኖርበት ወረዳ «ነዋሪያችን አይደለህም፤ ከነበርክበት ተመዝገብ» አለኝ። የነበርኩበት ወረዳ ደግሞ «ቤትህ እኛ ዘንድ አይደለም» አለኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በፔጆ ታክሲ ሁለት ቀን ከተመላለስኩ በኋላ የታክሲው ሒሳብ ራሱ ስለጨነቀኝ ተውኩት።

በእነዚያ ቀናት የረዳችን ከጎናችን የምትኖር፣ በሴፍቲኔት መንገድ የምትጠርግ አንዲት እናት ናት። የሦስት ወሯ ክፍያ ሲደርሳት ለባለቤቴ አንድ ሳፋ ዱቄት ይዛ መጥታ «የእርሱ መኪና ሲነሳ ትመልሱልኛላችሁ» አለቻት። በደኅናው ጊዜ ይህች ሴት ለልጇ ዩኒፎርም ስታሰፋ ከዋጋው ላይ 20 ብር ስትለምነኝ ያልቀነስኩላት ሴት ናት። ይህንንም የጻፍኩት መጻፍ ስላለብኝ ነው።

እባካችሁ፣ መታወቂያችሁን አሁን አውጥታችሁ ተመልከቱት። ጊዜው አላለፈም? የተጻፈው አድራሻ የምታድሩበት ነው? የቤተሰባችሁ አባላት ሁሉ በቤተሰብ ቅጹ ላይ ሠፍረዋል? እርዳታ፣ የጤና መድን፣ ብድር፣ የመሥሪያ ቦታ፣ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው። ቤት በቀየራችሁ ጊዜ መሸኛ ለማውጣት የሚጠፋው ግማሽ የሥራ ቀን ነው፤ እኔ ያን ግማሽ ቀን ቆጥቤ የከፈልኩት ምን ያህል እንደሆነ አይታችኋል። መዝጋቢ ቤታችሁ ሲመጣም ተመዝገቡ። ከእናንተ የባሰ ካለ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ኮሚቴው ነው፤ የእናንተ ሥራ እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ደግሞም ባልና ሚስት ተማክረው ይመልሱ እንጂ አንዱ በር ላይ ቆሞ በክብሩ ብቻ አይመልስ።

ትልቁ ስሕተቴ ግን ሁለተኛውን መኪና መሸጤ ነው።

አከራያችን በጡረታ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ናቸው። ድሬዳዋ የሚሠራው ልጃቸው ይልክላቸው የነበረው ገንዘብ በዚያው ወረርሽኝ ምክንያት ተቋርጦባቸው ነበር። ያልከፈልኩት ኪራይ ሁለት ወር ሲሞላው ጠሩኝና ውዝፉን እንድከፍል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮም ኪራዩን 2,000 ብር እንዳደርገው፣ አለዚያ ግን ቤቱን እንድለቅላቸው ነገሩኝ። ሽማግሌ ስለሆኑ አልተከራከርኳቸውም፤ ከመከራከር ይልቅ ቤት ሄጄ መኪናውን አሰብኩ። በሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ስድስት ወር እንኳ ያልሞላውን፣ በ7,200 ብር የገዛሁትን መኪና በ3,800 ብር ሸጥኩት። የቸገረው ሻጭ ሁሉ ገበያ ላይ በወጣበት ወቅት ስለነበር ከዚያ በላይ የሚሰጥ አላገኘሁም። በመኪናው ላይ ይሠራ የነበረው ወጣትም ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ፤ አልከለከልኩትም፤ ምን ብዬ?

መኪናው ከተሸጠ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከወረርሽኙ በፊት ያሰፋውን ሱሪ ሊወስድ የመጣ አንድ መምህር ደንበኛዬ ነገሩን ሰምቶ በድንጋጤ አየኝ። «አዋጁ እኮ አከራይ ተከራዩን ከመኖሪያ ቤቱ እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከልክሏል፤ አልሰማህም?» አለኝ። አልሰማሁም። ስለ ግብርና ስለ ባንክ የሚያወራውን ሬዲዮ ጆሮዬን አቅንቼ ስሰማ፣ በቀጥታ እኔን የሚመለከተውን አንድ ነገር አልሰማሁም። ለእኛ ምንም አልተደረገም እያልኩ ሳማርር፣ ለእኛ ከተደረገው አንዱን ሳልጠቀምበት አለፈኝ። በእርግጥ ክልከላው ኪራዩን አልሰረዘውም፤ ውዝፉ ዕዳ ሆኖ ይቆየኝ ነበር። ቢሆንም ጭማሪውን በአክብሮት እምቢ ብዬ፣ ውዝፉን ከፋፍዬ ለመክፈል ከሽማግሌው ጋር በሰው ፊት ተነጋግሬ፣ መኪናውን ማትረፍ እችል ነበር። በኋላ ለእርሳቸውም ስነግራቸው እርሳቸውም አልሰሙም ነበር፤ «ብትነግረኝ እኮ እኔም አልጨምርም ነበር» አሉ። አመንኳቸው።

ስለዚህ ለራሱ የሚሠራ ሰው የሥራ መሣሪያውን መጨረሻ ላይ እንኳ ከመሸጡ በፊት አንድ ሳምንት ይስጠው እላለሁ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ይጠይቅ፤ አንድ የተማረ ሰው፣ አንድ የወረዳ ሠራተኛና አንድ በዚያው ሙያ የቆየ አረጋዊ። ቴሌቪዥን፣ ወርቅ፣ አልጋ እንኳ ቢሸጥ ሌላ ቀን ይገዛል። መኪና ሲሸጥ ግን የሚሸጠው ነገ ነው። ዕቁብ ያለበትም ሳይደበቅ ለሰብሳቢው ይንገር። እኔ ለሦስት ቅዳሜ ከሰብሳቢያችን ፊት ስሸሽ ነበር፤ በመጨረሻ ሄጄ ስናገር ከእኔ ሌላ ዘጠኝ ሰዎች እንዳቆሙ ነገሩኝ፤ ለሁላችንም መዋጮው በግማሽ ሆኖ ጊዜው ተራዘመ። ሦስት ቅዳሜ የሸሸሁት ለከንቱ ነበር።

ነገሩ መዞር የጀመረው በማስክ ነው። አዋጁ በገበያ፣ በትራንስፖርትና ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ሁሉ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ የጨርቅ ማስክ ደግሞ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን የምንሰፋው ነገር ነው። ያ ሁሉ የገዛሁት ላስቲክ ያን ጊዜ ጠቀመኝ ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ሒሳብ አውቄ የገዛሁት ስላልሆነ አልመካበትም። በሰኔ አጋማሽ አንድ መሥሪያ ቤት 3,000 ማስክ ማሠራት እንደሚፈልግ ሰማንና አራት ሆነን ናሙና ሰፍተን ሄድን። ናሙናችን ተወደደ። ቀጥሎ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ተጠየቅን። ከአራታችን አንዳችንም አልነበረንም። ሥራው ፈቃድ ላለው አንድ ነጋዴ በአንዱ 18 ብር ተሰጠ። ነጋዴው ደግሞ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ጨርቁን ቆርጦ ወደ መኪና ግርግር መጣና ለእኛው በአንዱ 3 ብር አሰፋን።

በዚያ ሳምንት በቀን ከስልሳ በላይ እየሰፋሁ ሳስብ፣ በሰውየው ልናደድ አልቻልኩም። ጨርቁን በገንዘቡ ገዝቷል፣ ክፍያው እስኪለቀቅለት ጠብቋል፣ እኛንም በሰዓቱ ከፍሎናል። ግን ከጨርቁ ዋጋ ውጭ በእርሱና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት መሆኑ ገባኝ። በሁለተኛው መኪና ላይ ያ ወጣት ቢኖር ኖሮ ደግሞ ከሦስት ብሩም እጥፍ ባገኘን ነበር።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልመለስ። እኔ ድሮ ፈቃድ ነበረኝ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በመላ አገሪቱ ብዙ ጩኸት ያስነሳው፣ ግብር የሚሰላበት የቀን ገቢ ግምት ሲመጣ፣ ገማቾቹ በመንገዳችን ያለፉት ለዒድ ማግሥት የተረፈ ሥራ በተከመረበት ቀን ነበርና የተጻፈብኝ ግምት ከእውነቱ የራቀ መሰለኝ። ቅሬታ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ያቀረቡ ሰዎች የተቀነሰላቸው አሉ። እኔ ግን ተበሳጭቼ ፈቃዴን ማሳደስ ተውኩ፤ ወደ ንግድ ቢሮ ሄጄ ሥራ አቁሜያለሁ ብዬ ፈቃዱን አልመለስኩም፤ ለግብር ሰብሳቢውም አላሳወቅሁም። ዝም ብዬ ጠፋሁ። ዕዳው ግን አልጠፋም፤ በመዝገቡ ላይ ተቀምጦ ወለድና ቅጣት ይወልድ ነበር። እኔም በዓይነ ኅሊናዬ ሃምሳ ሺህም ስድሳ ሺህም አድርጌ እያሰብኩት በገቢዎች ቢሮ በር እንኳ ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር።

ከማስኩ ሥራ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ያ መምህር አብሮኝ ሄደ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ከበሩ እመለስ ነበር። መስኮት ላይ የነበረችው ወጣት ፋይሌን ፈልጋ አወጣችና ዋናውን ግብር 3,480 ብር ብላ ነገረችኝ፤ የቀረው ሁሉ ወለድና ቅጣት ነበር። ሦስት ዓመት ያስፈራኝ ነገር ከሸጥኩት መኪና ዋጋ ያነሰ ነበር! ቀጥላም፣ በሚያዝያ ወር መንግሥት እስከ 2007 ያለውን የግብር ዕዳ እንደሰረዘ፣ ከ2008 እስከ 2011 ላለው ደግሞ ዋናውን ለሚከፍል ወለድና ቅጣቱ እንደሚነሳ መታወጁን አስታውሳ ማመልከቻ እንድጽፍ መከረችኝ። ያንን ዜና እኔም በሬዲዮ ሰምቼው ነበር፤ «ይኼ ለትላልቆቹ ነው» ብዬ ድምፁን ዝቅ አድርጌው ነበር። መምህሩ ማመልከቻውን ጻፈልኝ፤ ቅጣቱና ወለዱ ተነሳልኝ፤ ዋናውን በሦስት ጊዜ እንድከፍል ተፈቀደልኝ።

ከዚህ የተማርኩትን ለሚፈሩ ሰዎች ልንገራችሁ። ያላያችሁት ዕዳ ካያችሁት ይበልጥ ያድጋል። ግምት በዝቶባችሁ እንደሆነ ቅሬታችሁን በጽሑፍና በጊዜው አቅርቡ፤ ለዚህ ደግሞ የዕለት ገቢያችሁንና ወጪያችሁን የምትጽፉበት ደብተር ያስፈልጋችኋል። እንደ እኛ ያለ፣ በዚያ ጊዜ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ግዴታ አለመሆኑ ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እኔ አሁን ከመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ፤ ደንበኛው ልኩን እየሰጠ ሳለ ዋጋውን እጽፋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ፈቃዳችሁን መልሱ፤ ለግብር ቢሮውም አሳውቁና ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበሉ። እንደ እኔ ጠፍታችሁ አትቅሩ። ቢሮ ስትሄዱም፣ ቢቻል፣ ወረቀት የማያስፈራው ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት ጆሮ ያልሰማውን አራት ጆሮ ይሰማል።

ፈቃዴን ነሐሴ ላይ አወጣሁ። ማስኩን አብረን የሰፋነው አራታችን አንድ ሌላ ሰው ጨምረን በአምስት ሆነን ተደራጀን። መደራጀት ቀላል ነበር ብዬ አላታልላችሁም፤ አንዱ አባላችን ለስብሰባ ሲጠራ ሁልጊዜ ለቅሶ ይኖርበታል፣ ሌላው የገንዘብ ቁልፉን ካልያዝኩ ብሎ ወር ሙሉ አኩርፏል። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች በ2013 ጥቅምት ሲከፈቱ አንድ ትምህርት ቤት 260 ዩኒፎርም በማኅበራችን ስም አዘዘን፤ በእኛው ደረሰኝ፣ ያለ መካከለኛ ሰው። የጠራጊዋን ዱቄት የመለስኩት በዚያ ገንዘብ ነው፤ የልጇንም ዩኒፎርም ሰፍቼ ሰጠኋት፤ ዋጋ ልትነግረኝ ስትጀምር መቀሱን አስቀምጬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

መታወቂያዬ ከተስተካከለ በኋላ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ተመዝግበናል። የዓመት መዋጮው ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ሕክምና በአንድ ጊዜ ከሚወጣው ያነሰ ነበር፤ መመዝገቢያው ጊዜ በዓመት የተወሰነ ስለሆነ ግን ታምማችሁ ሳይሆን ደኅና ሳላችሁ ጠይቁ። ባለቤቴ ደግሞ በስሟ የተለየ የቁጠባ ደብተር አውጥታለች፤ በየሳምንቱ የሚገባው ትንሽ ነው፤ መጠኑን ለእኔ አትነግረኝም፤ ትክክልም ናት።

ያ ከኤረር የመጣው ወጣት በዓመቱ ተመለሰ። በአወዳይ ጫት ሲጭን ቆይቶ ትከሻው ተላልጦ ነበር። እኔም በማኅበሩ በኩል ሁለተኛ መኪና ገዝቼ ስለነበር ከሰላምታው በኋላ መጀመሪያ የጠየቅሁት መታወቂያ እንዳለው ነው። ሳቀብኝና «አባቴ፣ መጀመሪያ ሥራውን ስጠኝ፤ መታወቂያው ይደርሳል» አለኝ። አልሰጠሁትም። መሸኛውን ሊያመጣ ወደ ቀበሌው ሲሄድ የመሳፈሪያውን ሰጠሁት፤ ቤታችን እየበላ፣ ቢሮ እየተመላለሰ ቆየ። መታወቂያውን ይዞ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናው ሸራውን እንደለበሰ ጠበቀው።